እማዬ፣ ስለዚያ ብልቃጥ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ትናንት በስልክ ስለጮህኩብሽ ይቅር በይኝ። የተናደድኩት በአንቺ አልነበረም። ስለምትወስጂው የተክል እንክብል «ከፋርማሲ ነው የገዛሁት፤ ፋርማሲ የሚሸጠው መድኃኒት አይደለም እንዴ?» ስትዪኝ መልስ አጣሁ። እኔ ጋዋን ለብሼ በምቆምበት ባንኮኒ ጀርባም እኮ እንዲህ ያለው ብልቃጥ ከደም ግፊት መድኃኒቱ ጎን ተደርድሯል። ሰው ሲገዛ እያየሁ ዝም ያልኩባቸው ቀናት አሉ። አንቺንም ያሳሳተሽ የአንድ ባለሙያ ዝምታ ነው።

የላክሽልኝን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ፊት ለፊቱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሎ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ይላል። ከጀርባው፣ በጭንቅ በሚነበብ ፊደል፣ ሴንት ጆንስ ዎርት ተብሎ ተጽፏል። ይህ ተክል ጉበትሽ ዋርፋሪኑን፣ ደምሽ እንዳይረጋ የምትውጪውን መድኃኒት፣ ቶሎ ሰባብሮ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ክኒንሽን አንድም ቀን ሳታዛንፊ እየዋጥሽ፣ ደምሽ ውስጥ የሚቀረው ግን ያንሳል። ከ2 እስከ 3 መሆን የሚገባው አይ ኤን አርሽ፣ ደምሽ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየው ልኬት፣ ባለፈው ወር ወደ 1.4 የወረደው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሐኪሙ ስለ ብልቃጡ አልጠየቀሽም፣ አንቺም አልነገርሽውም፤ የዋርፋሪኑን መጠን ጨመረልሽ። ልብሽ እንዲህ ምቱ እየተዛባ ደም ከረጋ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

«ቅጠል እኮ ነው» ትያለሽ። የዋርፋሪንም መነሻ ድርቆሽ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ፣ በሰሜን አሜሪካ ክሎቨር ከሚባል የመኖ ተክል የተሠራ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልቆም እያለ ያልቁ ነበር። ምክንያቱ ሲጠና ዋርፋሪን ተሠራ፤ መጀመሪያ ለአይጥ መርዝነት ዋለ፣ በ1954 ለሰው ተፈቀደ። መርዝ የነበረውን መድኃኒት ያደረገው፣ በክኒኑ ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለ መታወቁና ሥራው በደምሽ መለካቱ ነው። የብልቃጡ ይዘት ግን ከአምራች አምራች ይለያያል፤ ደምሽ ውስጥ ምን እንደሠራም የለካልሽ የለም።

ተሻለኝ ማለትሽን ውሸት ነው አልልም። ተክሉ ቀለል ያለ ድባቴን እንደሚያስታግስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። የምፈራውም ኃይል ስላለው ነው። አባዬ ካረፈ ወዲህ ሌሊቱ እንደሚረዝምብሽ ሳልጠይቅሽ መቆየቴ ደግሞ የራሴ ጥፋት ነው። ለሐኪሙ ይህንንም ንገሪው፤ ከዋርፋሪን ጋር የሚስማማ ሌላ መፍትሔ አይጠፋም።

አደራሽን፣ ሐኪሙን ሳታማክሪ የብልቃጡን እንክብል በራስሽ እንዳታቆሚ። የዋርፋሪኑ መጠን ተጨምሯል፤ የተክሉ ጉልበት በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ሲለቅ ደምሽ ከልክ በላይ ሊቀጥን ይችላል። በእነዚያ ሳምንታት ደምሽ ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት። እስከዚያው ድድሽ ወይም አፍንጫሽ ከደማ፣ ሰውነትሽ ያለ ምክንያት ከበለዘ፣ ሰገራሽ ከጠቆረ፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ሂጂ።

ብልቃጡን አትጣይው፣ ሐኪሙ ጽሑፉን ያንብበው። ነገ ጠዋት ሥራ ሳልገባ እደውልልሻለሁ፤ ለእሱም አብረን እንደውላለን።

ልጅሽ