ግማሹን እየሰማሁ ስለጨረስኩት መጽሐፍ፣ ለአባዬ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብርዱም ሥራውም እንዳለ ነው። ስልክ በሞላበት ዘመን ወረቀት ምን አመጣው ትል ይሆናል። ምክንያቱን ግን አንተም አታጣውም። በደወልኩ ቁጥር «ደህና ነሽ? ተመስገን፤ በይ እናትሽን ላገናኝሽ» ትልና ስልኩን ለእማዬ ታቀብላለህ። ባለፈው «ደሞዝ ከፈሉኝ» ስልህ «ማን ነው የከሰሰሽ?» ብለህ ቤቱን አሸበርከው። እማዬ አሁንም ባስታወሰችው ቁጥር ትስቃለች። አንተ ግን አልሳቅክም፤ ስልኩን ማቀበል ያበዛኸውም ከዚያ ወዲህ ነው። ወረቀት ላይ ማንም አይጮህብህም። መነጽርህን አድርግና ቁጭ በል፤ ረጅም ነው።

ላጫውትህ የፈለግኩት ስለ አንድ መጽሐፍ ነው፤ አንብቤው ሳይሆን ሰምቼው። «የለንደን ወንዞች» ይባላል። ቤን አሮኖቪች የሚባል የዚሁ የምኖርበት የለንደን ሰው የጻፈው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2011 ነው የወጣው። ፖሊሱም አውቶቡሱም የጎዳናው ካሜራም እንደምናውቀው ሆኖ፣ በመሀሉ ግን አስማትና ሙት መንፈስ የሚመላለስበት ታሪክ ነው። «የልጆች ተረት» ልትለው እንደሆነ ይገባኛል። ትንሽ ታገሰኝ።

ባለታሪኩ ፒተር ግራንት የሚባል ጀማሪ ፖሊስ ነው። እናቱ ከሴራሊዮን የመጣች ጽዳት ሠራተኛ፣ አባቱ የጃዝ ሙዚቀኛ። ኮቬንት ጋርደን በሚባለው ሰፈር ሰው ተገድሎ፣ ሌሊቱን ቦታውን እንዲጠብቅ ይታዘዛል። በብርዱ ቆሞ ሳለ አንድ ሰው ከጨለማው ብቅ ይልና ግድያውን አይቻለሁ ይለዋል። ምስክር ተገኘ! ምስክሩ ግን ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ልጁ አይሮጥም፤ የምስክርነት ቃሉን ሊቀበለው ይሞክራል። እኔ የወደድኩት እዚህ ላይ ነው፤ ሙት መንፈስ ቢሆንም ቃሉ መመዝገብ አለበት።

ከዚያ ወንዞቹ ይመጣሉ። ወንዞቹ ሰዎች ናቸው። ቴምዝ ከናይጄሪያ የመጣች ትልቅ እመቤት ናት፤ ወደሷ የሚገቡት ትናንሽ ወንዞች ደግሞ ሴቶች ልጆቿ። አንዷ ታይበርን የምትባለው ኩራቷ አይጣል ነው፤ ቢሆንባትም አይፈረድባትም፣ እውነተኛው የታይበርን ወንዝ ዛሬ በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ሥር ነው የሚያልፈው። ከወንዙ ላይኛው በኩል ደግሞ ሌላ የቴምዝ ጌታ አለ፣ ሽማግሌ ነጭ፣ ከነጎሳው። ሁለቱ ወገኖች አይስማሙም። ያ ጀማሪ ፖሊስ ነው እንግዲህ መሀል ገብቶ እንዲያስታርቃቸው የሚላከው። አንተ ስንት ዓመት የሰፈር ሽማግሌ ሆነህ አስታርቀሃል! ልጁ የሚያደርገውን ብትሰማ «እንዲህማ አይጀመርም» እያልክ ታርመው ነበር። እኔም ስሰማ የአዲስ አበባዎቹን ወንዞች፣ ቀበናንና ግንፍሌን፣ እህትማማች አድርጌ አጣላኋቸው፤ ቀበና ትልቋ፣ ግንፍሌ ምላሷ የማይቻል።

የሚገርመው፣ ይኼን ሁሉ የሰማሁት በ63 ቁጥር አውቶቡስ ነው። ከኪንግስ ክሮስ ተሳፍሬ ወደ ሥራ ስወርድ ፋሪንግደን መንገድን ይዞ ይሄዳል። ከመንገዱ ሥር ፍሊት የሚባል ወንዝ አለ። ከሃምፕስቴድ ተነስቶ በብላክፍራየርስ ድልድይ ሥር ቴምዝ ይገባል፤ ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እየሸፈኑት መጥተው ዛሬ በቱቦ ነው የሚሄደው። ሬይ ስትሪት በምትባል መንገድ ላይ፣ አንድ መጠጥ ቤት ፊት ለፊት፣ መሬት ላይ የብረት ፍርግርግ አለ። ጎንበስ ብለህ ብታዳምጥ ውኃው ይሰማል። ሄጄ አዳመጥኩት፤ በቀኝ ጆሮዬ፣ እንደምታውቀው።

የግራውን ነገር አንተ ነህ ከኔ በላይ የምታውቀው። በልጅነቴ እየመገለ ያስቸገረው ጆሮ ከዚያ ወዲህ የረባ ነገር አልሰማም። ታክሲ ስንሳፈር፣ ቤተ ክርስቲያን ስንቆም፣ ማዕድ ስንቀርብ ሁልጊዜ በቀኜ ነበር የምትሆነው። ለማንም ሳትናገር። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው ሆነ ብለህ እንደምታደርገው የገባኝ።

በአንድ ጆሮ አውቶቡስ ውስጥ መጽሐፍ መስማት ደግሞ ራሱን የቻለ ትግል ነው። ተራኪው የቲያትር ሰው ነው፤ ድምፁን እየቀያየረ ናይጄሪያዊቷን እመቤት ይሆናል፣ ቆየት ብሎ የድሮ ዘመን እንግሊዛዊ ጌታ ይሆናል፣ ከዚያ የገጠር ሰው። ለሙሉ ጆሮ ግሩም ነው። ለኔ ግን አንዱን ለመድኩት ስል ሌላው ይመጣል። ምስጢር ሲሆን ደግሞ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ሹፌሩም ፍሬን የሚይዘው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ድምፁን መጨመር ነበር መላዬ። አልረዳኝም። ጩኸቱ ጨመረ እንጂ ቃሉ አልጠራም። አንተም ሬዲዮውን ስትጨምር፣ ስትጨምር፣ መጨረሻ ላይ ተናደህ የምታጠፋው ለዚህ ነው።

ኋላ ብዙ ነገር ሞከርኩ። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ትልቅ ማዳመጫ ገዛሁ። ስልኩ ላይ የግራና የቀኙን ድምፅ አንድ ላይ የሚያደርግ ማስተካከያ አለ፤ እሱን አበራሁት። ፍጥነቱን ወደ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ዝቅ አደረግኩ፤ ከዚያ በታች ከወረደ ግን ተራኪው ባትሪው እንዳለቀ ቴፕ ይንቀረፈፋል። ከሁሉ የጠቀመኝ ሌላ ነው። ከሰፈሬ ቤተ መጻሕፍት የወረቀቱን መጽሐፍ ተዋስኩና ማታ ማታ የሚቀጥለውን ምዕራፍ ስሞች ብቻ ማየት ጀመርኩ፣ የሰዎቹን፣ የመንገዶቹን። በማግስቱ እነዚያ ስሞች ጥርት ብለው ይሰሙኛል። ጆሮዬ አልተሻለውም እኮ፤ የሚመጣውን ስለሚያውቅ ነው። ጆሮ የሚጠብቀውን ቃል ቶሎ ይይዛል፣ እንግዳውን ይጥላል።

የጣልኩትም ብዙ ነው። ስሞቹን ማየት ሳልጀምር በፊት ቶቢ የሚባል አንድ ሰው በየቦታው ይመጣ ነበር። ቁጡ መርማሪ ፖሊስ አድርጌ ሣልኩት፣ ጢም ሁሉ ሰጠሁት። ለካ ትንሽ ውሻ ኖሯል። እስካሁን ያ ጢማሙ ቶቢ ይናፍቀኛል። ሁለት ሦስት ቦታ ማን ማንን እንዳዳነ ሳይገባኝ አልፌያለሁ፤ ወደ ኋላ መመለሻውን ተጭኜ ደግሜ ደጋግሜ ሰምቼ፣ አልሆን ሲል ትቼው ሄድኩ። ታሪኩ ግን ጥሎኝ አልሄደም። እንዲያውም በትምህርት ቤት አንዲት ቃል ሳትቀር እያጠናሁ ካነበብኳቸው ብዙ መጻሕፍት ይልቅ ይኼኛው ነው የጣፈጠኝ።

እንግዲህ ወደ አንተ ልምጣ። አትቆጣ። የምሠራው አረጋውያን ቤት ውስጥ ስለሆነ ይኼን ነገር በየቀኑ አየዋለሁ። በዕድሜ ቀድሞ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ወፍራሙ ይቆያል። ለዚህ ነው ከእማዬና ከኔ ይልቅ የወንድሜ ንግግር የሚሰማህ። «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ሸ» ይጠፋሉ፤ የቀረው ድምፅ ስላለ ሰው እየተናገረ መሆኑን ትሰማለህ፣ ያለውን ግን አትለየውም። ተራው ስልክ ደግሞ ባህርዩ ሆኖ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) ያለውን ድምፅ ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ «ሰ»ን ከ«ፈ» የሚለየው በአብዛኛው ከዚያ በላይ ነው ያለው። ስለዚህ «ከፈሉኝ» «ከሰሱኝ» የሆነው ባንተ ጥፋት ብቻ አይደለም፣ ስልኩም አለበት። በኢንተርኔት የሚደወለው ከዚህ ይሻላል። ከእንግዲህ በቴሌግራም ነው የምደውልልህ።

እዚህ ሥራ ቦታዬ የማየውን አንድ ነገር ልንገርህ። ሰው መጀመሪያ ሬዲዮውን ይተዋል። ቀጥሎ ስልክ። ከዚያ ራት ላይ ከሰው ጋር መቀመጥ ያቆምና ክፍሌ ውስጥ ይምጣልኝ ይላል። የመስሚያ መሣሪያው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ባትሪው ይሞታል። አንተ ዘንድ ሬዲዮው ከጠፋ እንደሰነበተ እማዬ ነግራኛለች። እሷን አትቆጣት፤ እኔ ነኝ አውጥቼ የጠየቅኳት።

«ካልሰማሁ ምን ይጠቅመኛል» ትላለህ። ሁሉን መስማት አለብህ ያለው ማን ነው? እኔ ያንን መጽሐፍ ከግማሽ ትንሽ በላይ ሰምቼ ነው ደስ ብሎኝ የጨረስኩት፣ ያውም በሰው ቋንቋ። አንተ ደግሞ ያመልጠዋል ብዬ የማልሰጋበት አንድ መጽሐፍ አለህ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስንት ጊዜ እንዳነበብከው አንተ ታውቃለህ፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመችውን እትም ማንም እንዲነካብህ አትወድም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰብ እንደነበር የነገርከኝም አንተ ነህ። ያ ትረካ ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ሙሉውን አለ። ጉዱ ካሳ ምን እንደሚል ከመናገሩ በፊት ታውቀዋለህ። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ቃሉ ቢያመልጥህም ቁጣው አያመልጥህም። የወጋየሁም ድምፅ ወፍራም ነው፤ ላንተ ጆሮ የተመረጠ ይመስላል።

ስለዚህ ይኼን ደብዳቤ የምታመጣልህ ልጅ አንድ ካርቶን ትሰጥሃለች። ውስጡ እኔ የምጠቀምበት ዓይነት ማዳመጫ አለ። ገመድ ያለውን ነው የመረጥኩልህ፤ ገመድ የሌለው ቻርጅ ሲያልቅበት ከነንዴትህ ወርውረህ ታስቀምጠዋለህ። ወንድሜ ትረካውን ስልክህ ላይ ይጫንልህ፣ ፍጥነቱን የት እንደሚቀንስም ያሳይህ። መጽሐፉን ጭንህ ላይ አድርገህ ጀምር። ሲያልፍህ ገጹን እይ፣ ሲደክምህ ዝጋው። ለሐኪሙ ጆሮህን ማሳየትህ እንዳለ ሆኖ ነው ታዲያ፤ ይኼ የዚያ ምትክ አይደለም። ያንን ቀጠሮ ወንድሜ ይዞልሃል፣ እኔም ከፍዬዋለሁ፣ መቅረት የለም።

ቅዳሜ ማታ ስደውል ስልኩን ለእማዬ አታቀብላት። የደረስክበትን ምዕራፍ ንገረኝ፤ ወጋየሁ ከመጽሐፉ የዘለለው ቦታ ካገኘህም ጻፍልኝ፣ አንተ እንደምታገኝ አውቃለሁ። እኔም ሁለተኛውን የለንደን መጽሐፍ ጀምሬያለሁ፤ በዚህኛው ጃዝ አለበት፣ ታሪኩን ቅዳሜ አጫውትሃለሁ።

እማዬን ሳምልኝ።

ልጅህ

ይድረስ ብዬ ከዘጋሁት በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ሐኪሙ ከሁሉ በፊት ኩክ እንዳለበት እንዲያይልህ ጠይቀው፤ አንዳንዴ ግማሹ ችግር እሱ ብቻ ነው። እስከዚያው በክብሪት እንጨት አትነካካው። አውቅሃለሁ።