ደብዳቤ ለልጄ፦ ከብረቱ ራቂ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ያማታል፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቂዋለሽ። የላክሽልኝ ጫማ ጠበበኝ፤ ለአጎትሽ ይሆነው እንደሆነ አስሞክረዋለሁ።

ያንን ቪዲዮ ወንድምሽ አሳየኝ። ከላስ ቬጋስ ወጣ ብላችሁ በረሃው ውስጥ፣ ሽጉጥ ይዘሽ ብረት ላይ ስትተኩሺ፣ ብረቱም እንደ ደወል ሲጮህ አንቺ ስትስቂ። ወንድምሽ «አባዬ፣ አንዱንም አልሳተችም እኮ!» እያለ ይኮራል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ዒላማውን ልታስተካክዪ ስትሄጂ እርምጃሽን ቆጠርኩ፤ አምስት ነው። ስትመለሺም አምስት። መነጽርሽ ደግሞ ግንባርሽ ላይ ተሰቅሏል፤ የጸጉር ማስያዣ ይመስል።

ልጄ፣ ከብረቱ ራቂ።

ቪዲዮውን ለአጎትሽም አሳየሁት። ስልኩን ወደ ደህናው ዓይኑ አስጠግቶ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ አየና «ብረቱ ስንት ሜትር ይሆናል?» አለኝ። ሌላ አንድ ቃል አልወጣውም። ሁለተኛውን ቡና ሳይጠጣ ተነሥቶ ሄደ፤ እናትሽ ተቀይሞ ነው ብላ ስትጨነቅ ዋለች።

መተኮስሽን አልነቅፍም። ወታደር የነበረ ሰው ልጁን «ጠመንጃ አትንኪ» ቢላት ማን ይሰማዋል? ስለ ብረት ግን ስሚኝ። ሠላሳ ዓመት ብየዳ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝና ብረትን አውቀዋለሁ።

እርሳስ ብረት ሲመታ ይፈረካከሳል እንጂ አይጠፋም። ብረቱ ጠንካራና ለጥ ያለ ከሆነ ፍንጣሪው የብረቱን ፊት ተከትሎ ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይረጫል። ፊቱ የተሰረጎደ ከሆነ ግን ዞሮ ወደ ተኳሹ ይመጣል። ዕቃ ስታጥቢ የማንኪያውን ጀርባ ቧንቧ ሥር ብታደርጊው ውሃው ወደ ጎን ይፈሳል፤ ሆዱን ያዞርሽው እንደሆነ ፊትሽን ያረጥብሻል። ነገሩ ይኸው ነው።

የእናንተ ብረት ፊቱ ፈንጣጣ የበላው ይመስላል። እጮኛሽ ከቁርጥራጭ ብረት መሸጫ ገዝቶ፣ በጋዝ ቆርጦ እንደሠራው የነገርሽኝ ጊዜ «የእጅ ሙያ ያለው ልጅ ነው» ብዬ አመስግኜዋለሁ። ምስጋናዬን መልሻለሁ። ተራ ብረት ለዒላማ አይሆንም። ለዚህ የሚያገለግለው እዚያ አገር ኤአር 500 የሚሉት ነው፤ ጥንካሬው በብሪኔል መለኪያ 500 ገደማ ይደርሳል። እሱም ቢሆን በጋዝ እሳት ሲቆረጥ ጠርዙ ይለሰልሳል። ያንን ብረት ጣሉት። «ገና ያገለግላል» እንዳትዪኝ፤ ጣሉት።

ዒላማ የሚሠሩት ሰዎች ለሽጉጥ ቢያንስ 10 ያርድ ይላሉ፤ 9 ሜትር መሆኑ ነው። ለጠመንጃ 100 ያርድ፣ 91 ሜትር ያህል። በዓለም አቀፉ የሽጉጥ ውድድር ደንብ ዝቅተኛው ርቀት 7 ሜትር ነው፤ ያውም ብረቱ ደህና ሆኖ፣ ዳኛው አጠገብ ቆሞ። አንቺ 15 ያርድ አድርጊው። ሜትር ይዘሽ ለኪ እንጂ በዓይንሽ አትገምቺ፤ ዓይን ያታልላል።

የሥራ ባልደረባሽ በዚያው ብረት ላይ በጠመንጃ ሲተኩስም አየሁ። ፈጣን የጠመንጃ ጥይት፣ በተለይ በሴኮንድ ከ900 ሜትር በላይ የሚበረው፣ በቅርብ ሲመታው ጠንካራውንም ብረት ይቦረቡረዋል። እሱ ቦርቡሮት የሄደውን አንቺ በማግስቱ በሽጉጥ ትመቺዋለሽ፤ የሚመለሰው ፊትሽ ላይ ነው። የጠመንጃና የሽጉጥ ብረት ለየብቻ ይሁን።

አሁን የምጽፍልሽን እናትሽ አታውቀውም። አጎትሽ ትናንት ተመልሶ መጥቶ «ንገራት» ስላለኝ ነው የምጽፈው።

አጎታችሁ ዓይኑን ያጣው በውጊያ ነው እያልን አሳደግናችሁ። አራተኛ ክፍል ሳለሽ ስለ ጀግና ጻፉ ሲሏችሁ ስለ እሱ ጻፍሽ፤ ወረቀቱ እስካሁን ሣጥን ውስጥ አለ። በ1979 ዓ.ም. ከረን አጠገብ ሰፍረን ነበር። ያን ቀን ውጊያ አልነበረም። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ልብሳችንን አጥበን አስጥተን ሥራ ፈትተናል። ከተቃጠለ መኪና የወጣ ወፍራም ብረት አገኘንና በከሰል ክብ ሥለንበት በክላሽ መተኮስ ጀመርን። መጀመሪያ ያቆምነው ሩቅ ነበር። እኔ ሁለት ጊዜ ሳትኩ፤ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ተነሥቼ ብረቱን በገዛ ትከሻዬ ተሸክሜ አቀረብኩት። አጎትሽ «ኧረ ይህስ በጣም ቀረበ» አለኝ። «ፈሪ» አልኩት።

ተኮስኩ። እሱ በስተግራዬ፣ ትንሽ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። አልጮኸም። ቁጢጥ አለና «ዓይኔ ውስጥ አፈር ገባ» አለ። እኔም ራሱን በሁለት እጄ ይዤ፣ የዓይኑን ቆብ ገልጬ እፍ አልኩለት። እፍ አልኩለት፣ ልጄ። ደሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሐኪሙ «ምን መታህ?» ሲለው እኔ አፌን ሳልከፍት «የቦምብ ፍንጣሪ» አለ። እውነቱን ቢናገር ምን እንደሚያገኘኝ ያውቃል። ለእረፍት አገሩ ያደረስኩት እኔ ነኝ። እናትሽ በሩን ከፍታ ወንድሟን አቅፋ ካለቀሰች በኋላ፣ «ወንድሜን ያተረፈልኝ» ብላ የእኔን እግር አጠበች። እኔም ዝም ብዬ ታጠብኩ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቂዋለሽ።

በዕድሜዬ አንድ ቀን ነው እጄን ያነሣሁብሽ። ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፤ ብረት እየቆረጥኩ ሳለ መነጽር ሳታደርጊ ሮጠሽ ገባሽ። በጥፊ መታሁሽ። ማታ እናትሽ «አብደሃል?» አለችኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ከብረቱ ራቂ። መነጽሩም የፀሐይ መነጽር አይሁን። ከጎን የሚሸፍን፣ ክፈፉ ላይ ዜድ 87 የሚልና የመደመር ምልክት ያለበት ፈልገሽ ግዢ። ላንቺ ብቻ አይደለም፤ ለቆመ ለተቀመጠው ሁሉ። መኪናው ላይ ተቀምጦ ብስኩት የሚበላው የጓደኛሽ ልጅ መነጽር አልነበረውም። አጎትሽም ተኳሽ አልነበረም፤ ተመልካች ነበር።

ብረቱን ቀጥ አድርጋችሁ አታቁሙት። ራሱን ወደ እናንተ ትንሽ ያዘንብል፤ ፍንጣሪው መሬት ይበላዋል። ጥይት ስትገዢ ማግኔት አስጠጊበት፤ አረሩን ከሳበው ውስጡ ወይም ልባሱ ብረት አለበትና ለዚህ ሥራ አይሁን። የእኛ የክላሽ ጥይት ሆዱ ብረት ነበር፤ ይህን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ጫፉ አረንጓዴ የተቀባውን የጠመንጃ ጥይትም ለባልደረባሽ ከልክዪው። ከተኩስ በኋላ እጅሽን በሳሙና ሳትታጠቢ እህል አትንኪ፤ እርሳስ መርዝ ነው። ነርስ ነሽና ይህን አንቺ ትነግሪኝ ነበር።

ጓደኞችሽ ይስቁብሽ ይሆናል። ይሳቁ። እኔም ብረቱን ያቀረብኩት ስለ ተሳቀብኝ ነው።

ይህን ደብዳቤ ለእናትሽ በስልክ እንዳታነቢላት። ከፋሲካ በኋላ እኔ ራሴ እነግራታለሁ፤ አጎትሽ አብሮኝ ሊቀመጥ ቃል ገብቶልኛል። እስከዚያ ድረስ ስትደውዪ ስለ ጉልበቷ ብቻ ጠይቂያት።

አዲሱን ብረት ስትገዙ ፊቱን በቅርብ፣ ከዚያ ደግሞ ከምትቆሚበት ቦታ ሆነሽ ሙሉውን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ሜትሩ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይታይ። የሚያየው አጎትሽ ነው።

አባትሽ

ጫማው ለአጎትሽ ልክ ሆኖታል።