ለአባባ፣ ከአሜሪካ፣ ሉዊዚያና

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ ጎርፍ ክሮፊሹን ይጎዳዋል ስልዎ «ውሃ ውስጥ የሚኖርን ነገር ጎርፍ ምን ያደርገዋል?» ብለው ሲስቁብኝ ኔትወርኩ ተቋረጠና ሳልመልስ ቀረሁ። እርስዎ ፎገራ ላይ ሩዝ ስለሚያመርቱ ቶሎ ይገባዎታል።

እዚህ ክራውሊ አካባቢ ገበሬው በአንድ ማሳ ሩዝና ክሮፊሽ ያፈራርቃል። ክሮፊሽ ያልኩዎ ያ ጊንጥ የሚመስለው ቀይ ፍጥረት ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ውሃው ከማሳው ሲወጣ እናቲቱ ጭቃውን ቆፍራ ትገባና እንቁላሏን እዚያው ትጥላለች። ጥቅምት ላይ ማሳው እንደገና በውሃ ሲሞላ ልጆቿን ጭራዋ ሥር አዝላ ትወጣለች። ከዚያ በወጥመድ ነው የሚያዘው። ጀልባው ጎማ አለው፤ ጭቃውን እየረገጠ በማሳው መሀል ይሄዳል። ቢያዩት ጉድ ይላሉ።

ችግሩ ውሃው ያለጊዜው ሲመጣ ነው፤ በፈረንጆቹ 2016 ነሐሴ ላይ ደቡብ ሉዊዚያናን እንዳጥለቀለቀው። የነሐሴ ውሃ ትኩስ ነው። ገለባው እየበሰበሰ በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሰዋል፤ ተታላ የወጣችው እናት ትታፈናለች። ከክትሩ በላይ ፈስሶ የገባው ዓሣ ደግሞ የተረፉትን ጫጩቶች ይለቅማል።

አቻፋላያ ረግረግ ውስጥ የዱሩን የሚያጠምዱት ግን ሌላ ናቸው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ወንዙ ካልሞላ ያዝናሉ። ሞልቶ ሲያገኙ ገበያውን ያጥለቀልቁታል፤ የገበሬው ዋጋ ይወርዳል።

ድርቁም አይምርም። በ2023 በጋቸው መሬቱ ተሰነጣጥቆ ብዙዎቹ ጉድጓዳቸው ውስጥ አለቁ። በ2024 መጀመሪያ አንዱ ፓውንድ፣ ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላው፣ ከ10 ዶላር በላይ ወጣ። አገረ ገዢው ጄፍ ላንድሪ የአደጋ አዋጅ እስከ ማወጅ ደረሱ።

እዚህ ካቶሊኩ ብዙ ነው። በጾማቸው አርብ አርብ ሥጋ አይበሉም፣ ክሮፊሽ ግን ይበላሉ፤ ስለዚህ ገበያው እስከ ፋሲካ ይደራል። እኔ አልቀመስኩም፣ ለእማዬ ይንገሩልኝ።

የእኔ ሥራ ሚዛን ላይ ነው። ቀዩ የመረብ ጆንያ 14 ወይም 15 ኪሎ ይመዝናል፤ ውስጡ እየተንኮሻኮሸ አንስቼ እጭናለሁ። ሰኔ ከገባ ግን ሥራው ይቆማል፣ የምልከውም ይቀንሳል። ስለዚህ ያን በሬ በዱቤ እንዳይገዙ፤ ከፋሲካ በፊት የቻልኩትን እልካለሁ። የርብ ውሃ ዘንድሮ እስከ የት እንደደረሰ ያጽፉልኝ። ለእማዬና ለሁሉም ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ልጅዎ