ጠንካራ ጎሚኒ ለምን አንገጥምም? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ካለፈው መስከረም ጀምሮ በየቀኑ በሚነዳ የቤት መኪና ላይ ጠንካራ የፖሊዩሪቴን (ከላስቲክ የሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ዕቃ) የሞተር ጎሚኒ፣ ማለትም ሞተሩ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰርበትን መያዣ፣ አንገጥምም ማለታችን ብዙዎቻችሁን አስቀይሟል። ዕቃውን በዘመድ ከዱባይ አስመጥታችሁ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዳችሁ መጥታችሁ ከበር የተመለሳችሁ አላችሁ። ለደረሰባችሁ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን አይቀየርም። ለምን እንደማይቀየር መስማት መብታችሁ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩ።

ከሁሉ ያመመኝን ላስቀድም። «ዋናውን ላስቲክ በውድ ሊሸጡልን ፈልገው ነው» ተብሏል። ይህን ያሉት ደግሞ እንግዶች አይደሉም። ከመጀመሪያ መኪናቸው ጀምሮ የማውቃቸው፣ ሠርጋቸው ላይ የተጠራሁ ሰዎች አሉበት። እውነቱን ካላችሁ ጠንካራ ጎሚኒ ለጋራዥ ጥሩ ገበያ ነው። ይገጠማል፣ የእጅ ይከፈላል። ከወራት በኋላ ሰውየው መንቀጥቀጡ ሲያማርረው ይመለሳል፤ ለማውጣትም ሌላ የእጅ ይከፈላል። ገንዘብ ብቻ ብንፈልግ ኖሮ የሚያዋጣን ዝም ብሎ መግጠም ነበር።

ፍላጎታችሁ ይገባኛል። የአዲስ አበባ መንገድ ጎሚኒ ይበላል። ኮብልስቶን አለ፣ ክረምቱ ሲወጣ አፉን የሚከፍት ጉድጓድ አለ፣ ቀለም ያልተቀባ የፍጥነት መቀነሻ አለ። ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ የተገዛ ኮፒ ላስቲክ አንዳንዴ አንድ ክረምት አይሻገርም። ሰው «አንዴ ጠንካራውን ላስገባና ልረፍ» ቢል አይፈረድበትም። ማንዋል ኮሮላ የምትነዱማ የበለጠ ምክንያት አላችሁ። የሞተር ጎሚኒ ሲደክም፣ ነዳጅ ስትሰጡት ሞተሩ ይወዛወዛል። የማርሽ ዘንጉ አብሮት ይሄዳል። ሁለተኛ ማርሽ አልገባም ይላል፣ ሲገባም ጓ ይላል። ጠንካራው ሲገጠም ይህ ሁሉ ቀጥ ይላል። ይህን አልክድም።

ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። «ጠንካራው መኪናዬን አዲስ አደረገልኝ» ስትሉን ከምን ጋር እያወዳደራችሁ ነው? ከተቀደደ ላስቲክ ጋር ነው። አሮጌውን ስናወጣው ብዙ ጊዜ መሀሉ ያለው ብረት ከላስቲኩ ተላቅቆ በጣት ይሽከረከራል። ውስጡ ፈሳሽ ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ፈሳሹ አልቆ ዙሪያው በጥቁር እድፍ ተለውሶ እናገኘዋለን። ከዚያ ወዲያ ምንም ቢገባበት ለውጥ አለው። ማርሹ የተስተካከለው ጎሚኒው ስለጠነከረ ሳይሆን ስላልተቀደደ ነው። ጥሩ አዲስ ላስቲክ የገባላቸው ኮሮላዎችም እዚሁ ሊፍታችን ላይ ወጥተው፣ ማርሻቸው ተስተካክሎ፣ ሳይንቀጠቀጡ ወጥተዋል። የብዙዎቻችሁ ችግር ግን አዲስ ላስቲክ የገባለት መኪና ነድታችሁ አለማወቃችሁ ነው። መኪናው እጃችሁ የገባው ከነደከመ ጎሚኒው ነው።

የሞተር ጎሚኒ ሁለት ሥራ አለው። ሞተሩን ይይዛል፤ የሞተሩን ንዝረት ደግሞ ወደ ሻሲው እንዳያልፍ ይውጣል። ጠንካራው የመጀመሪያውን አሳምሮ ይሠራል፣ ሁለተኛውን ይተወዋል። ፋብሪካ የሚያስገባው ላስቲክ ሾር ኤ በሚባለው የላስቲክ ጥንካሬ መለኪያ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 65 ባለው ውስጥ ነው። ገበያ ላይ ያለው ጠንካራ ፖሊዩሪቴን ከ80 እስከ 95 ይደርሳል። ቁጥሩ ሲታይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። መለኪያው ወደ ላይ በወጣ መጠን ግን ጥንካሬው በብዙ እጥፍ ነው የሚጨምረው።

ለቪትዝ ባለቤቶች ይህ በተለይ ይመለከታችኋል። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣው ባለ 1.0 ሊትር ቪትዝ ሞተሩ ባለ ሦስት ሲሊንደር ነው። ሚኒሞ ላይ (መኪናው ቆሞ፣ ነዳጅ ሳይሰጠው) በደቂቃ 750 ጊዜ ቢዞር በሰከንድ ወደ 19 ጊዜ ይተኩሳል። ባለ አራት ሲሊንደሩ በዚያው ዙር 25 ጊዜ ይተኩሳል። ንዝረቱ ዝግ ያለና ከባድ በሆነ ቁጥር ለማፈን ይቸግራል፤ ለስላሳ ጎሚኒም የሚፈልገው ለዚህ ነው። ሞተሩ ከሥሪቱ ይርገበገባል። እናንተ እንዳይሰማችሁ ያደረገው ያ ንቃችሁ የምትጥሉት ላስቲክ ነው።

አንድ የራይድ ሹፌር ደንበኛችን ሌላ ቦታ ጠንካራውን አስገጥሞ መጣ። ስለ መኪናው ክፉ ማውራት አይወድም፤ «ምንም አይልም፣ ለምዶኛል» አለኝ። አብሬው ከሳሪስ ወደ ጎተራ ሄድኩ። መኪናው ሲሄድ እውነትም ምንም አይል። ጎተራ አካባቢ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን፣ ሙቀት ስለነበር ኤሲ ከፈተ። የዳሽቦርዱ ፕላስቲክ መንጫጨት ጀመረ። ማስቀመጫው ውስጥ ባለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ውሃው ክብ ክብ እየሠራ ይንቀጠቀጣል። በስፖኪዮ ከኋላችን ያለውን መኪና አያለሁ፣ ታርጋውን ግን ማንበብ አልቻልኩም፤ መስታወቱ ራሱ ይርገበገባል። ከዚያ ነው የነገረኝ። ተሳፋሪዎች «መኪናው ችግር አለበት እንዴ?» እያሉ ይጠይቁታል። ማታ ቤቱ ሲገባ መዳፉ ይደነዝዛል። ይህ ሰው ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በዚያች መኪና ነው። ቀኑን ሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ነው «ለምዶኛል» ሲል ማለፍ ያቃተኝ።

የእግር ጎሚኒ (ጎማውን የሚይዙት ክፍሎች መጋጠሚያ ላይ የሚገባው) ጉዳይ ትንሽ ይለያል፤ እሱንም ሙሉ በሙሉ አልከለከልንም። የስታብላይዘር (ግራና ቀኝ እግሩን የሚያያይዘው ዘንግ) ጎሚኒ በፖሊዩሪቴን ዛሬም እንገጥማለን። ብዙ አይጎረብጥም፣ መኪናው ሲታጠፍ መጋደሙን ይቀንሳል። የምንከለክለው የሎወር አርሙን (ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚያያይዘውን የታች ክንድ) የኋላ ጎሚኒ ነው። ይህ ጎሚኒ በብዙ መኪኖች ላይ ከፋብሪካው ሲመጣ ውስጡ ክፍት ቦታ አለው። ደንበኛ አይቶ «ተቀዷል» ይላል፣ ወይም ያስሞላዋል። አልተቀደደም። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ትንሽ ወደ ኋላ እንዲሸሽ ተብሎ የተተወ ቦታ ነው። እሱን ሞልታችሁ ወይም በጠንካራ ቀይራችሁ ምቱን ማስቀረት አትችሉም። ጎሚኒው ያልዋጠውን ቦል ጆይንቱ (የአርሙ ጫፍ ላይ ያለው ተሽከርካሪ መጋጠሚያ) ይቀበላል፣ አርሙ ይቀበላል፣ አርሙ የታሰረበት የሻሲ ብየዳ ይቀበላል፣ የእናንተም ወገብ ይቀበላል። ቦል ጆይንት ይቀየራል። የተሰነጠቀ ሻሲ ብየዳ ላይ ቆሞ ማየት ግን ያሳዝናል፤ መኪናው ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አይሆንም።

«ጠንካራው ይጮሃል» የምትሉትም ምክንያት አለው። የፋብሪካው ላስቲክ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው። እግሩ ሲወርድና ሲወጣ ላስቲኩ ራሱ ይጠመዘዛል እንጂ በብረቱ ላይ አይንሸራተትም። ፖሊዩሪቴኑ ግን በብረቱ ላይ ይሽከረከራል፤ ስለዚህ ግራሶ ይፈልጋል። በጋ አቧራው፣ ክረምት ጭቃው ይገባል፣ ግራሶው ይታጠባል፣ ከዚያ በየፍጥነት መቀነሻው ሲጥ ሲጥ ነው። ይህ እየታየ ግራሶ የሚቀባለት ዕቃ ነው። ውድድር ለሚገባ መኪና ችግር የለውም፤ እሱ ከውድድር ውድድር ይፈታል። ልጅ ትምህርት ቤት ለሚያደርስ መኪና ግን ማን በየወሩ እየተኛ ይቀባዋል?

ስለ ላስቲኩ ቶሎ ማለቅ ደግሞ አንድ የምለው አለኝ፤ ይህንን ከልቤ ነው የምለው። በአገራችን ላስቲክ ቶሎ የሚያልቀው በመንገዱና በኮፒ ዕቃው ብቻ አይደለም። አገጣጠሙም ነው። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ የአርሙ ብሎን ይጠበቃል። መኪናው መሬት ሲወርድ ላስቲኩ ገና ሳይነዳ ተጠምዝዞ ይቀመጣል። ቆሞም እየተጎዳ ነው፤ በወራት ውስጥ ይቀደዳል። መጥበቅ ያለበት የመኪናው ክብደት ጎማው ላይ ካረፈ በኋላ ነው። እኛ ጋ ለምን ይቆያል ብላችሁ የምትበሳጩበት ጊዜ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? አጎቴ ጋ ረዳት ሆኜ በናፍጣ ዕቃ ሳጥብ መጀመሪያ የተማርኩት ነገር ይህ ነበር። ላዳ ታክሲ በበዛበት በዚያ ዘመን ብሎን በአየር ላይ ያጠበቀ ልጅ እንደገና ፈትቶ ያስር ነበር። ዛሬም እኛ ጋ ደንቡ ያው ነው።

ዋጋ መጨመሩን አልደብቅም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ጥሩ ላስቲክ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ እኛም ከአስመጪ በዚያው ዋጋ ነው የምንገዛው። ኪራይ ጨምሯል። ልጆቹም ኑሮ ከብዷቸዋል፤ አንድም ሠራተኛ አልቀነስኩም። ከጭማሪው የተወሰነውን ራሳችን ችለነዋል፣ ሁሉንም መቻል ግን አልቻልንም። ደግሞም ያው በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጃችሁ ያለችው ቪትዝ ወይም ኮሮላ በቀላሉ የምትተካ አይደለችም። እያንዳንዷ ብየዳ ብዙ ዓመት መቆየት አለባት። ለዚህ ነው አጥብቄ የያዝኩት። ደንበኛ ማጣት እፈራለሁ፤ እዚህ ድረስ የደረስነው በእናንተ ነው። ግን ጠንካራውን ገጥሜ ፈገግ ብዬ ከምሸኛችሁ፣ ዛሬ ተቀይማችሁ ነገ ብትመለሱ እመርጣለሁ።

እንግዲህ የምንለምናችሁ ይህን ነው። ከመወሰናችሁ በፊት መጀመሪያ አዲስ ላስቲክ ሞክሩ። እኛ ያቀረብነውና እኛ የገጠምነው ላስቲክ በስድስት ወር ውስጥ ከተቀደደ የእጅ አናስከፍልም። ጠንካራውን ቀድማችሁ ያስገጠማችሁ፣ የትም ይገጠም፣ አምጡት፤ ብሎኖቹን እናያለን፣ ግራሶ እንቀባለን፣ ለዚህ አንጠይቃችሁም። በጠንካራ የታሰረ ሞተር ብሎኖቹን ሊያላላ ስለሚችል ይህን አታዘግዩ። አውጥታችሁ ወደ ላስቲክ መመለስ የምትፈልጉ ነባር ደንበኞች የእጅ ግማሹን ትከፍላላችሁ። «በነጻ ለምን አይሆንም?» ያላችሁ አላችሁ። የሞተር ጎሚኒ መቀየር ሞተር ደግፎ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፤ በነጻ ብንሠራው የልጆቹን ደመወዝ መክፈል አንችልም። ለውድድር ብቻ የሚወጣ መኪና ያላችሁ ኑ፣ ጠንካራውን እንገጥምላችኋለን።

ዕቃ ከውጭ ልታስመጡ ያሰባችሁ፣ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት የመኪናችሁን ሞዴልና ዓመት ይዛችሁ ደውሉልን ወይም ብቅ በሉ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት እኔ ራሴ አለሁ። አዲስ ላስቲክ የገባላት የጋራዡ ኮሮላ በር ላይ ቆማለች፤ ቁልፉን ጠይቁና ሰፈሩን አንድ ዙር ዙሩባት።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለቤት
ሳሪስ፣ አዲስ አበባ