ደብዳቤ ለአዘጋጁ፦ ነርሶቹን አስፈራርታችሁ ዝም አሰኛችኋቸው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጠጥቶ ስለመንዳትና ስለ ነርሶች የሙያ ፈቃድ ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። ያላነበበም ደርሶታል፤ በየቴሌግራም ግሩፑ ሲዞር ነው የሰነበተው። እኔ አሜሪካ ውስጥ በነርስነት የምሠራ ሰው ነኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ በማታ ሺፍት። ስለዚህ የምጽፈው ነገሩን ከሩቅ ሆኜ አይቼ አይደለም። ተናድጄ ነው የምጽፈው፣ እሱንም አልደብቃችሁም።

ዘገባው ውስጥ ብዙ ነገር አለ፤ ትክክል የሆነም አለው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን እንቅልፍ ነስታኛለች። «ጠጥቶ በመንዳት የተከሰሰ ነርስ የሙያ ፈቃዱን ወዲያውኑ ያጣል» ትላለች። «ሊያጣ ይችላል» እንኳን አላላችሁም። ከየት አመጣችሁት? የትኛው ግዛት ነው እንዲህ የሚያደርገው? የትኛውን የነርሶች ቦርድ ደውላችሁ ጠየቃችሁ? በዘገባው ውስጥ የአንድም ነርስ ድምፅ የለም። ፎቶ ግን አላጣችሁም፤ የነርስ የሥራ ልብስ (ስክራብ) የለበሰች፣ ፊቷን በእጇ የሸፈነች ሴት፣ ከፊት ለፊቷ የወይን ብርጭቆ። ለፎቶው የሰጣችሁትን ጊዜ ግማሹን ለማጣራት ብትሰጡት ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ ነበር።

እስቲ ረጋ ብለን እንነጋገር። አሜሪካ ውስጥ የነርስን ፈቃድ የሚሰጠውም የሚነሳውም የየግዛቱ የነርሶች ቦርድ ነው። ፖሊስ አይደለም፣ የወንጀል ችሎቱም አይደለም። ጠጥቶ ሲነዳ የተያዘ ሰው ቶሎ የሚታገድበት መንጃ ፈቃዱ ነው። እሱ የራሱ መሥሪያ ቤትና የራሱ ቀነ ገደብ አለው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለምሳሌ እገዳውን መቃወም የፈለገ ሰው በ10 ቀን ውስጥ መጠየቅ አለበት። የነርስነቱ ፈቃድ ግን ሌላ መዝገብ ነው። ቦርዱ ደብዳቤ ይልካል፣ የፖሊስ ሪፖርትና የፍርድ ቤት ወረቀት ይጠይቃል፣ የጽሑፍ ማብራሪያ አምጣ ይላል፣ አንዳንዴም የአልኮል ችግር አለብህ ወይስ የለብህም የሚለውን ባለሙያ ገምግሞ እንዲጽፍ ያዛል። ነርሱ መልስ የመስጠት፣ ጠበቃ የመያዝና የመሰማት መብት አለው። በእርግጥ ቦርዶች ሕዝብን ያሰጋል ያሉትን ሰው በአስቸኳይ የማገድ ሥልጣን አላቸው። ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ተከሶ፣ ሰው ሳይጎዳ፣ ገና ሳይፈረድበት ፈቃዱ በማግስቱ ይነጠቃል ማለት ሐሰት ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ምን አስቆጣሽ ትሉ ይሆናል። ልንገራችሁ።

አብራኝ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች። ዘገባችሁ ከመውጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ይኼው ክስ ደርሶባት ነበር። ጠበቃ ልታናግር ቀጠሮ ይዛ፣ ለቦርዱ ምን ብላ እንደምትጽፍ እያሰበች ነበር። ዘገባችሁ የወጣ ቀን ማታ መድኃኒት የምናዘጋጅበት ክፍል ውስጥ ስልኳን ይዛ መጣች። ያቺን ዓረፍተ ነገር በሁለት ጣቷ አጉልታት አሳየችኝ። እጇ ይንቀጠቀጣል። «እህቴ፣ ካለቀልኝማ ከሚቀሙኝ ላይሰንሴን ራሴ ልመልሰው» አለችኝ። ይህን ያለችው ልጅ ገና ፍርድ ቤት እንኳን አልቀረበችም።

ፈቃድን ራስ መመለስ ምን እንደሚያስከትል ታውቃላችሁ? ምርመራ እንዳይመጣ ብሎ ወይም ምርመራ ላይ እያሉ ፈቃድ ማስረከብ እንደ ቅጣት ነው የሚቆጠረው። ብሔራዊ የጤና ባለሙያዎች የመረጃ ቋት ውስጥ ይገባል። ከዚያም አልፎ የፌዴራሉ ጤና ሚኒስቴር ዋና መርማሪ ቢሮ ሰውየውን መንግሥት ለአረጋውያንና ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች ከሚከፍልባቸው የጤና መድኖች፣ ከሜዲኬርና ከሜዲኬድ ሥራ ሊያግደው ይችላል። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ስሙ የገባን ሰው ሆስፒታልም ሆነ ነርሲንግ ሆም አይቀጥረውም፤ ጽዳት ላይ እንኳን ቢሆን ይፈራሉ። አንዲት ልጅ በመጀመሪያ ስህተቷ እዚህ ገደል ውስጥ በገዛ እጇ ልትገባ ነበር፣ ምክንያቱም እናንተ አለቀልሽ ብላችኋታል። ቁጭ አድርጌ እስኪነጋ አነጋገርኳት። እኔ ባልኖርስ? ይህን አንብቦ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠውስ ስንት ነው?

ሌላው ደግሞ የሚያደርገው መደበቅ ነው። ወዲያውኑ ይነጠቃል የተባለ ሰው ምን ብሎ ራሱ ሄዶ ይናገራል? ዝም ይላል። ነርስን የሚጥለው ደግሞ ይኼው ዝምታ ሊሆን ይችላል። ፍሎሪዳ ውስጥ ጥፋተኛ የተባለ፣ ወይም «አልከራከርም» ብሎ ክሱን የተቀበለ የጤና ባለሙያ በ30 ቀን ውስጥ ለቦርዱ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ካሊፎርኒያም የጥፋተኝነት ፍርድን በ30 ቀን አሳውቁ ትላለች። አሪዞና ደግሞ ፍርድም አትጠብቅም፤ በከባድ ወንጀል ወይም የታካሚን ደህንነት ሊነካ በሚችል ቀላል ወንጀል የተከሰሰ ባለሙያ ክሱ በተመሠረተ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ በሕግ አስገድዳለች። ቀኑን ያሳለፈ ሰው ባለማሳወቁ ብቻ ሌላ ጥፋት ይጨመርበታል። ፈቃድ ሲያድስ ቅጹ ላይ «የለም» ብሎ ከሞላማ ጠጥቶ ነጂ ብቻ ሳይሆን ውሸታም ሆኗል፤ ቦርዶች ደግሞ ውሸትን ከመጠጡ የበለጠ ሲያከብዱት አይቻለሁ። የጣት አሻራችን እኮ ፋይል ላይ አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፈቃድ ያለው ነርስ ሲታሰር የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ለቦርዱ ያሳውቃል። ማን ነው እዚህ የሚደበቀው?

ዘገባችሁ ስለነዚህ ቀነ ገደቦች አንድ መስመር የለውም። ለአንድ ነርስ በዚያ ሰዓት ከምንም በላይ የሚጠቅመው መረጃ ይኼ ነበር። እናንተ ማስፈራራቱን መረጣችሁ።

አሁን ደግሞ ማን ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ «ለሰካራም ትከራከራለች» ይባላል። አልከራከርም። በ2022 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች ነው) አሜሪካ ውስጥ በጠጡ አሽከርካሪዎች ምክንያት ከ13 ሺህ በላይ ሰው ሞቷል። የእነዚያን ሰዎች ቤተሰቦች ኮሪደር ላይ የማገኛቸው እኔና ጓደኞቼ ነን፤ ሐኪሙ ነግሯቸው ከወጣ በኋላ አብረናቸው የምንቆመው እኛ ነን። ስለዚህ ጠጥቶ መንዳት ቀላል ነገር ነው የሚል ሰው እኔ ዘንድ አይምጣ። ቦርዶችም አያቀሉትም። በ2012 አንድ የካሊፎርኒያ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ነርሱ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ አንዴ ብቻ ጠጥቶ ነድቶ የተፈረደበት ቢሆንም ቦርዱ ሊቀጣው ይችላል ብሏል። ታካሚ ባይጎዳም፣ ሥራ ላይ ባይሆንም። «በግል መኪናዬ፣ በእረፍቴ ቀን» የሚለው መከራከሪያ ብዙ አያስኬድም ማለት ነው። ይህን ጻፉልን! ይህ እውነት ነው፣ ከበቂ በላይም ያስፈራል። በእሱ ላይ ሐሰት መጨመር ለምን አስፈለገ?

እውነተኛውን ነገር ማወቅ ከፈለጋችሁ እንዲህ ነው። ብዙ ጊዜ ከፈቃዱ ቀድሞ የሚሄደው ሥራው ነው። ቦርድ ወራት ይወስዳል፤ የሆስፒታሉ የሰው ኃይል ክፍል (ኤችአር) ግን ቀናት ይበቁታል። አብዛኛው ቅጥር አሠሪው በፈለገ ጊዜ የሚያቋርጠው ነው፤ ብዙ ሆስፒታሎችም መታሰርን ጭምር አሳውቁ የሚል ደንብ አላቸው፤ ስንቀጠር ሳናነብ የምንፈርማት ወረቀት ውስጥ አለች። ሆም ኸልዝ፣ ማለትም ታካሚን ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚንከባከብ ነርስ ደግሞ መንጃ ፈቃዱ ሲታገድ ታካሚ ቤት በምን ይሄዳል? የነርስነት ፈቃዱን ማንም ሳይነካው ሥራው ቀረ ማለት ነው።

ቦርዱ ፈቃዱን ሳይነጥቅ በክትትል (በፕሮቤሽን) ቢያልፈው እንኳን ኑሮው እንደ ድሮው አይሆንም። ቅጣቱ ነርሲስ በሚባለው አገር አቀፍ መዝገብ ላይ ይወጣል፤ ማንም ስሙን ጽፎ ያየዋል። ናርኮቲክ (ሱስ ሊያስይዝ የሚችል ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) አትንካ ሊባል ይችላል። የማታ ሺፍት፣ የኤጀንሲ ሥራ፣ ያለ ተቆጣጣሪ መሥራት ሊከለከል ይችላል። ከ40 በላይ ግዛቶች በገቡበት ስምምነት መልቲስቴት ላይሰንስ (በብዙ ግዛቶች የሚያሠራ አንድ ፈቃድ) ይዞ ከግዛት ግዛት የሚሠራ ነርስ ከሆነ ደግሞ ያ መብቱ ይቀርና በአንድ ግዛት ይወሰናል።

ከቅጣት ውጭ የሆነ መንገድም አለ፤ እናንተ አንድ ቃል ያላላችሁለት። ቴክሳስ የነርሶች የድጋፍ ፕሮግራም አላት፣ ፍሎሪዳም የራሷ አላት፣ ሌሎችም ብዙ ግዛቶች። ችግር ያለበት ሰው ታክሞ፣ እየተመረመረ ወደ ሥራ የሚመለስበት ነው። ቀላል ግን አይደለም። በየቀኑ ጠዋት ደውሎ ወይም ስልኩ ላይ ገብቶ «ዛሬ ተራዬ ነው?» ብሎ ማየት አለ። ተራው ከሆነ ሺፍት ይኑረው አይኑረው ሄዶ ሽንት ይሰጣል፣ ከኪሱም ይከፍላል። ምርመራው ከቀናት በፊት የተጠጣን አልኮል ርዝራዥ የሚያገኝ ስለሆነ ሳል ሽሮፕና አፍ መጉመጥመጫ ሳይቀር እያነበበ ነው የሚገዛው። እንግዲህ ነርስ ናት፤ በእያንዳንዱ በር ላይ እጇን በአልኮል ሳኒታይዘር የምታሽ ሴት ናት። የፌዴራሉ የሱስና የአእምሮ ጤና ተቋም በ2006 ይኼ ምርመራ ከመጠጥ ውጭ ባሉ ነገሮችም ፖዘቲቭ ሊሆን ስለሚችል በእሱ ብቻ ሰው ላይ እንዳይፈረድ አስጠንቅቋል። እነዚህን ነገሮች ስንቱ ነርስ ያውቃቸዋል? ጋዜጣ የሚያስፈልገውስ ለዚህ አልነበረም?

ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ እኛን መርሳታችሁ ነው። የምትጽፉት በአማርኛ ነው፣ የሚያነባችሁ ሐበሻ ነው። ዘገባው ግን ከእንግሊዝኛ ተገልብጦ የመጣ ስለሆነ ዜግነት የሌለው ነርስ ዓለም ላይ ያለ አይመስልም። በቪዛ ያለ ሰው ገና በመታሰሩ ብቻ፣ ሳይፈረድበት፣ ቪዛው ሊሰረዝ ይችላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው አንድ ተራ ጠጥቶ የመንዳት ፍርድ ብዙውን ጊዜ ብቻውን አያስባርረውም፤ ዜግነት ሊጠይቅ ሲሄድ ግን ይነሳበታል፤ ሁለት ከሆነማ በ2019 የወጣ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ውሳኔ መልካም ሥነ ምግባር የለውም ከሚል ግምት ነው የሚነሳው። በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወንጀል ጠበቆች ጥፋተኛ ነኝ ሊል ያለ ደንበኛቸውን ይህ ቃሉ ከአገር ሊያስባርረው እንደሚችል እንዲነግሩት አስገድዷል። ስለ ነርስነት ፈቃዱ ግን የዚያን ዓይነት ግዴታ አልጣለባቸውም። ስለዚህ ነርሱ ራሱ አፍ አውጥቶ «ይህን ብፈርም ቦርዱ ምን ይለኛል? ኢሚግሬሽንስ?» ብሎ ካልጠየቀ፣ ጠበቃው ቶሎ የሚያልቀውን ስምምነት አስፈርሞ ይሸኘዋል። የሙያ መድን ያላቸው ነርሶችም ውላቸውን ይመልከቱ፤ አንዳንዱ ቦርድ ፊት ለሚቀርብ ጠበቃ ይከፍላል።

ሲኤንኤዎቻችንስ (ረዳት ነርሶቹ)? ኤልፒኤኖቹስ (ከነርስ ባነሰ ሥልጠና ፈቃድ ያላቸው)? ከመካከላችን ስንቶቹ በሲኤንኤነት ነው የጀመርነው! ሲኤንኤዎቹ ያሉበት መዝገብና ደንብ ከነርሶቹ የተለየ ነው፣ ገቢያቸው ያነሰ ነው፣ ጠበቃ የመያዝ አቅማቸውም እንደዚያው። እናንተ ግን «የጤና ባለሙያዎች» ብላችሁ በአንድ ቃል ጠቅልላችሁ አልፋችኋቸዋል።

ዘገባው በወጣ ማግስት ለዝግጅት ክፍላችሁ መልእክት ልኬ ነበር። ስህተቷን ከነምክንያቷ ጽፌ። እስካሁን መልስ የለም፣ ዓረፍተ ነገሯም እንዳለች አለች፣ ሰዉም እየተቀባበላት ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ያቺን ዓረፍተ ነገር አርሟት፤ እርማቱን ደግሞ ማንም በማያየው ጥግ ላይ ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው መጠን አውጡት። የማሳወቂያ ቀነ ገደቦችን ከየግዛቱ ቦርድ ጠይቃችሁ አትሙ፤ የቦርዶቹ ስልክ ለማንም ክፍት ነው። ቀጥሎ ስለኛ ስትጽፉ ደግሞ ቢያንስ አንድ ነርስና አንድ ሲኤንኤ አነጋግሩ። ያቺ የነገርኳችሁ ልጅ ጠበቃዋ ጋ ሄዳለች፣ ለቦርዱም በጊዜው ጽፋለች፣ ፈቃዷም ይኼን በምጽፍበት ሰዓት እጇ ላይ ነው።

አንዲት ነርስ፣ ከአሜሪካ