መጽሐፉን አትቁጠረው

ዓለሜ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጨጓራህስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የጓሮው በቆሎ ደርሷል። አባትህ ማታ ማታ እሸት እየጠበሰ «እሱ ቢኖር ይኼን ሁሉ ብቻዬን አልበላም ነበር» ይላል።

የአክስትህ ልጅ ለበዓል መጥታ ስላንተ ብዙ አጫወተችኝ። የቤት ኪራዩን አውቀዋለሁ፣ የሥራውንም ድካም ነግረኸኛል። ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ዘንድሮ ሃምሳ መጽሐፍ እጨርሳለሁ ብለህ ግድግዳህ ላይ ወረቀት ለጥፈሃል አሉ። አንዱን በጨረስክ ቁጥር ታሰምርበታለህ። ታክሲ ውስጥ ደግሞ በጆሮህ ታዳምጣለህ፣ እሱንም ቶሎ እንዲያልቅ አፍጥነህ። እሑድ ቡና ብትጠራህ «አርባ ገጽ ይቀረኛል» ብለህ ቀረህ። ምሳህንም ቆመህ ነው አሉ የምትበላው።

ልጄ፣ መጽሐፍ አይቆጠርም። አትቁጠር።

ማንበብህን ጠልቼ አይደለም። ንባብን ማን አስለመደህ? ከሱቅ ስኳር በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሲመጣ ስኳሩን ጣሳ ውስጥ ገልብጬ «በል አንብብልኝ» የምልህ እኔ ነበርኩ። ጋዜጣው ተቀዶ ወሬው መሀል ላይ ሲቋረጥ የቀረውን አንተ ከልብህ ትጨምርበት ነበር። አንድ ጊዜ የጠፋ በሬ ወሬ ተቆርጦብን በሬው እስኪገኝ ድረስ አመሸን፣ እራት እንኳን ረሳን። እሱን የትኛው መስመር ላይ ታሰፍረዋለህ?

ባለፈው በስልክ «ፍቅር እስከ መቃብርን በሁለት ሌሊት ጨረስኩት» ስትለኝ ደስ ብሎህ ነበር። እኔን ግን ከፋኝ፣ ያኔ አልነገርኩህም። ሐዲስ ዓለማየሁ እኮ የጎዛምን ልጅ ናቸው። ደብረ ኤልያስና ዲማ ሄደው የቤተ ክህነት ትምህርት የቀሰሙ፣ አገሩን በእግራቸው የሚያውቁ ሰው ነበሩ። መጽሐፉን በ1958 ሲያወጡት የእኛን አገር አነጋገር፣ የባላባቱን ኩራት፣ የደብተራውን ብልሃት አንድ በአንድ አስቀምጠውታል። የበዛብህ አገር ማንኩሳ ደግሞ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንሄድ በመስኮት ያሳየሁህ ናት። ረሳኸው? «ጉዱ ካሳ የሚለው ነገር አልነካህም ወይ?» ብዬ ብጠይቅህ «አዎ፣ ብዙ ይናገራል» አልከኝ። ጉዱ ካሳን የሚያህል ሰው እንዲህ በሩጫ ይታለፋል?

እኛ የሰማነው በራዲዮ ነው። «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ወጋየሁ ንጋቱ ሲያነበው። በሰፈሩ ራዲዮ የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን ትንሽ ነፍስ ሲዘራ መልሰን እንከተዋለን። የዕለቱ ንባብ ሲያበቃ የሚቀጥለው እስኪመጣ መጠበቅ ነው፣ ሌላ መላ የለም። በዚያ መሀል ወፍጮ ቤትም ምንጭም ወሬው ሰብለ ወንጌል ናት። ሴቱ ሁሉ ይከራከራል። ለፊታውራሪ መሸሻ የሚከራከር ሰው እንኳን አልጠፋም ነበር! ደስታችን እኮ ግማሹ መጠበቁ ነበር። አንተ መጠበቅ አቃተህ። አትቁጠር አልኩህ።

ይኼን ነግሬህ አላውቅም መሰለኝ። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እኔ ልጅ ነበርኩ። ማታ በኩራዝ ነበር የምንማረው፣ ጠዋት አፍንጫችን ጥላሸት ለብሶ ይነጋል። የምስክር ወረቀቴ ቁምሳጥኑ ውስጥ ከክርስትና ካርድህ ጋር አለ፣ ስትመጣ እየው። ከዚያ በኋላ መደበኛ ትምህርት ቤት ገብቼ ስድስተኛ ክፍል ስደርስ እናቴ ታመመችና ቀረሁ። አስተማሪ መሆን ነበር ሐሳቤ። አሁንም የተማሪ ቤት ደወል ስሰማ ሆዴ ይባባል።

በሰፈሩ ፊደል የለየ ጥቂት ስለነበረ ደብዳቤ አንባቢ ሆንኩ። ያኔ የስንቱ ልጅ ሰሜን፣ ጦር ሜዳ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች የነበሩትን አሮጊት አንተ አልደረስክባቸውም። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ደብዳቤውን ይዘው ይመጣሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እግራቸውን ሰብስበው ይቀመጡና «በይ ጀምሪ» ይላሉ። «ለውድ እናቴ፣ ካለሁበት ሆኜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ፣ እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ እጀምራለሁ። ሲደጋገም በቃላቸው ይዘውት ስለነበር አንዲት ቃል ብስት «ዘለልሽ!» ይሉኛል። «ከናፍቆትሽ በስተቀር የሚለውን ዘለልሽ፣ ከላይ ጀምሪ።» ከላይ እጀምራለሁ። ልጁ «ጊደሯ ወለደች ወይ?» ይላል ደብዳቤው ላይ። እሳቸው ወረቀቱን እያዩ «ወልዳለች ልጄ፣ ወልዳለች» ይላሉ።

በኋላ ደብዳቤው መምጣት አቆመ። እሳቸው መምጣት አላቆሙም። ያንኑ ይዘው ይመጣሉ። ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ተበጣጥሶ ፊደሉ ጠፍቷል። የጠፋውን እሳቸው ይነግሩኛል፣ የቀረውን እኔ አነባለሁ። ጊደሯ ጋ ስንደርስ «ወልዳለች ልጄ፣ ጥጃዋም አድጋ ወልዳለች» ይላሉ። አንድ ገጽ ነው እኮ፣ ዓለሜ። ያንን አንድ ገጽ ስንት ዓመት አነበብነው!

ምን ልልህ ነበር? ስለ ሆድህ። ባዶ ሆድህን ቡና አትጠጣ፣ ምሳህንም ቁጭ ብለህ ብላ። ተልባ ቆልቼ ፈጭቼ ልኬልሃለሁ፣ ማታ ማታ በጥብጠህ ጠጣው። ግን ተልባ ላከችልኝ ብለህ ሐኪም ቤት እንዳትቀር፣ ሄደህ ተመርመር። ዓይንህንም አሳይ፣ አባትህም በአንተ ዕድሜ ነው መነጽር የጀመረው።

ሌላው የላክሁት ግብጦ ነው። እዚያ እንደልብ አይገኝም አሉ። ቆልቼ ውኃ እየቀየርኩ ነው ቀናት ያቆየሁት፣ ምሬቱ ወጥቶለታል። ሳትቸኩል ልጣጩን በጥፍርህ እየገፈፍክ፣ አንድ አንዱን እየወረወርክ ብላ። እሱን እየበላህ ነው መጽሐፍ ማንበብ። ከአረቄ ጋር ግን እንዳትጀምረኝ! ጀመረ ሲሉ ብሰማ አልወድም።

እሑድ ጠዋት የትም አትሂድ። ብርድ ልብስህን አውጥተህ ፀሐይ ላይ አስጣ። ከበሩ ላይ ቁጭ በል። ያችን ቡና የምትጠራህን ልጅ አንተ ጥራት። ፈንድሻ እንኳን ባይኖር ቆሎ አለህ፣ አቦሉን ጠጥታችሁ አትነሱ፣ በረካውም ይድረስ። ወሬ ካለቀባችሁ አንድ ምዕራፍ አንብብላት። ድምፅህ እኮ ጥሩ ነበር፣ ዳዊት ስትደግም ቄሱ ራሳቸው ያደንቁህ ነበር። ድምፅህን አውጥተህ ማንበብ ከተውክ ስንት ጊዜህ ነው? ያኔ መዝለል አይቻልም፣ የምትሰማህ ልጅ ታውቅብሃለች።

የወደድከውንም መልሰህ አንብበው። እንደ አዲስ ስለማይቆጠር አትተወው። አባትህ ያችን የተገነጠለች የታሪክ መጽሐፉን በየዓመቱ ክረምት ያወጣታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ እሱ ገጹን ይገልጣል፣ ያንኑ ቦታ ሲደርስ ያንኑ «አይይ!» ይላል። እኔም ጥጤን እየፈተልኩ «ደረሰ» እላለሁ በሆዴ። በስንት ክረምት አንድ መጽሐፍ ብቻ! አንተ ብትቆጥረው ዜሮ ነው የምትለው።

ያንን ወረቀት ከግድግዳው አንሳው። ተቆጥቼህ አይደለም። አዎ፣ ትንሽ ተቆጥቻለሁ። ልጅ ሆነህ ብርሃን አጥፋ ስልህ ከብርድ ልብስ ሥር በባትሪ የምታነብ ልጅ ነበርክ፣ ስንት ገጽ እንደቀረህ ጠይቄህ «እንዳያልቅብኝ ቀስ እያልኩ ነው» ያልከኝን አልረሳውም። ያ ልጅ የት ሄደ እላለሁ።

ዕቃው መንገዱ ሰላም ከሆነ ዓርብ ይገባል። ረዳቱ ይደውልልሃል፣ ስልክህን አትዝጋ። ቅቤው ከላይ ነው፣ በርበሬው በወፍራም ፌስታል ሁለት ጊዜ ተጠቅልሏል፣ ከመጽሐፍህ ጋር እንዳታስቀምጠው። አጎትህ ጋ ደውል፣ ረሳኝ ብሎ አኩርፏል። ጀሪካኑን ባዶውን በመጣው ሰው መልስልኝ፣ ለጠላ ውኃ መቅጃ አጣሁ።

እናትህ