እጅ ማፍታቻ አይደለሽም

እማዬ፣ አሰላሙ አለይኪ። ሐይቅ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

በስልክ ከሆነ ስለምታቋርጪኝ በወረቀት ላድርገው ብዬ ነው። «የተማሪ እጅ ማፍታቻ አልሆንም፤ የአንጀት ምርመራ ቀጠሮው ይቅርብኝ» ብለሻል አሉ። ብትፈሪ አልፈርድብሽም፤ ግን አትቅሪ።

አጎቴ ታሟል። ወንድም ወይም እህት በትልቁ አንጀት ካንሰር ሲያዝ የሌላውም ዕድል ከፍ ይላል። አንቺን ምንም ሳያምሽ መመርመር የፈለግነው ለዚህ ነው። ካንሰሩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ፖሊፕ ከምትባል ትንሽ ሥጋ ነው። ለዓመታት ዝም ብላ ትቀመጣለች። በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ በፊንጢጣ ገብቶ አንጀትን በሚያይ ምርመራ ከታየች ግን ብዙውን ጊዜ እዚያው ተቆርጣ ትወጣለች።

አሁን ወደ ተማሪው። ፌሎ ነው የሚባለው። ሐኪም ከሆነ ቆይቷል፤ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስትም ነው። አሁን የሚማረው የጨጓራና የአንጀትን ሕክምና ነው። ሲኒየሩ፣ ማለትም የሚያስተምረው ልምድ ያለው ሐኪም፣ አጠገቡ ቆሞ ያያል። ቀጠሮሽ እኔ ከምሠራበት ሌላ ሆስፒታል ቢሆንም ሥራው አንድ ነው።

የምርመራው ጥራት በዋናነት የሚታወቀው መሣሪያው ሲወጣ ነው። እስከ ትልቁ አንጀት መነሻ ከደረሱ በኋላ ቀስ ብለው እየመለሱ እያንዳንዱን እጥፋት ያያሉ። ድሮ ለዚህ ቢያንስ 6 ደቂቃ ይባል ነበር። በ2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሙያ ማኅበራት 8 አድርገውታል። ሐኪሙ ከመረመራቸው ሰዎች በስንቱ ላይ ወደ ካንሰር ሊሄድ የሚችል ፖሊፕ እንዳገኘም ይቆጠራል። በ2014 እ.ኤ.አ. እዚያው አሜሪካ የወጣ ትልቅ ጥናት፣ ይህ መጠን በ1 በመቶ ከፍ ባለ ቁጥር ታካሚው በኋላ በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ በ3 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ታዲያ ተማሪ ሲገባ ይበላሻል? ጥናቶቹ ሁሉ አንድ ነገር አይሉም። ባመዛኙ ግን ሲኒየር አብሮ እስካለ አይበላሽም። እንዲያውም አንዳንዶቹ የተሻለ ውጤት አግኝተዋል፣ በተለይ በትናንሾቹ ፖሊፖች ላይ። እኔ አይገርመኝም። ስክሪኑን የሚያየው ሁለት ሰው ነው፤ ተማሪውም እየተፈተነ ስለሆነ አይቸኩልም። ወረፋ ለመጨረስ ከሚጣደፍ ብቸኛ ሐኪም እነዚህን ሁለቱን እመርጥልሻለሁ።

ጉዳትም አለው፤ አልደብቅሽም። ጊዜው ይረዝማል። ገና ጀማሪ ከሆነ የአንጀቱ መታጠፊያ ላይ ይቸገራል፣ ሆድሽም ሊነፋ ይችላል። ያኔ ሲኒየሩ መሣሪያውን ይቀበለዋል። ሲኒየሩ ጥሎት ከወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ተማሪው ሳይሆን ያ ነው። ስለዚህ «ሲኒየሩ እስከ መጨረሻው እዚህ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ማፈር የለም። መልሱ ካልጣመሽ ተማሪው አይንካኝ ማለት መብትሽ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ አደራ የምልሽ ስለ ጽዳቱ ነው። አንጀት ካልጸዳ የትኛውም ፕሮፌሰር ምንም አያይም። ጥቂት ቀን ቀደም ብለሽ ቆሎ፣ ተልባ፣ ሱፍና ጎመን ተዪ። በዋዜማው እንጀራም የለም፤ ጠጣር ምግብ የሚባል በአፍሽ አይዙር። ማጽጃውን ግማሹን ማታ፣ ግማሹን በምርመራው ቀን ንጋት ላይ በነገሩሽ ሰዓት ትጠጫለሽ። አይጥምም፤ ግን ጨርሺው። ቀይ መጠጥ አይነካም፣ ደም ይመስላቸዋል። በዋዜማው ቡና ይፈቀዳል፤ ወተት ብቻ አትጨምሪበት። አየሽ፣ አቦሉም ቶናውም አልቀረብሽም።

የስኳርና የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ካለሽ ሳይነግሩሽ አታቋርጪ፤ ይዘሽው ነይና ሐኪሙ ይወስን። ማደንዘዣ ስለሚሰጡሽ ብቻሽን አትመለሺም፣ እኔ እወስድሻለሁ። ረመዳን ሳይገባ ብንጨርሰው ይሻላል፣ ማጽጃው ከጾም ጋር አይሄድም።

ከደሴ የምትነሺበትን ቀን ደውለሽ ንገሪኝ። አብሽሪ እማዬ። ዱዓሽ አይለየኝ።

ልጅሽ